የሹፌሩ ሚስት ዳሊያዎች

ሹፌሩ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ማለዳ ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ሐኪሞቹ «ስትሮክ ነው» አሉ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቤቱ ሲመለስ ባለ አራት እግር ምርኩዝ ይዞ፣ ቀኝ እጁ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሎ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሲነዳ ከተሳፋሪ ጋር ሲቀልድ የኖረው አንደበቱ ላይ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ቀርታ ነበር። እሷም «ቆይ» የምትል ናት።

የሚሉትን ሁሉ ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል። መልሱ ግን ያው ነው። ራበህ ወይ? «ቆይ።» እንዴት አደርክ? «ቆይ።» ሲናደድ «ቆይ!»፣ ሲከፋው «ቆይ…»። ሚስቱ በድምፁ አወጣጥ የትኛው ቆይ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ወር ያህል ፈጅቶባታል።

ሚስቱ በሆስፒታል የስፌት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ልብስ ሰፊ ነበረች። አንሶላ ትቀመቅማለች፣ የሐኪም ጋዎን ትሰፋለች፣ መጋረጃ ትጠግናለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷ ደግሞ ከእጇ ይቀድማል። ባሏ ከበሩ እስከ አጥሩ ድረስ በሁለት ረድፍ የተከላቸውን ሠላሳ አንድ የዳሊያ አበባ እግሮች ግን አንድ ቀን ነክታቸው አታውቅም። «የማይበላ ድንች» ነበር የምትላቸው። እሱ ሲኮተኩት እሷ በመስኮት ብቅ ትልና «ዛሬ ስንት ኪሎ ደረሰልህ?» ትለዋለች። እሱም «ዐይንሽን የምታጠግቢው እንጂ ሆድሽን የምትሞዪው አይደለም» ይላታል። እንዲህ እየተጎሻሸሙ ኖረዋል።

ብርዱ የገባ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ሹፌሩ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ መስታወቱን በግራ እጁ ይደበድብ ጀመር።

«ቆይ! ቆይ! ቆይ!»

ውሃ አመጣችለት፤ ገፋው። ብርድ ልብስ ደረበችለት፤ ጣለው። መድኃኒቱን ብታሳየው ጭራሽ ዐይኑን ጨፈነ። በመጨረሻ ትከሻዋን ይዞ ወደ ውጭ አዞራት። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ኖሮ፣ ትናንት አረንጓዴ የነበረው የዳሊያ ቅጠል ሁሉ በፈላ ውሃ እንደተነከረ ጎመን ጠቁሮ ተዘርሮ ነበር።

«ውይ! ሞቱ በለኛ» አለች። «እና እኔ ምን ላድርግልህ? ልቅሶ ልቀመጥ?»

ራሱን በኃይል ነቀነቀና በግራ እጁ የመቆፈር ምልክት አሳያት። ከዚያ መዳፉን እንደ ጎድጓዳ ሰሃን አድርጎ አንድ ነገር ከሥር ወደ ላይ አወጣ። ወደ ቤት አመለከተ።

ያኔ ገባት። በየዓመቱ በዚህ ጊዜ እሱ ምን ያደርግ እንደነበር አይታለች፤ አይታ ግን ልብ አላለችም። ዳሊያ፣ አፉ ሳይያዝ በፊት እሱ ይል እንደነበረው፣ ብርድን በከፊል ቻይ ነው። ቅጠሉ ቢረግፍ ሥሩ አይሞትም፤ መሬቱ ሞቅ ያለ ከሆነ ዓመት ዓመቱን ይመለሳል። ብርዱ ከጠናና አፈሩ ውስጥ ከገባ ግን ያ ድንች መሳይ ሥር ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ውርጭ ቅጠሉን በመታው ሳምንት ግንዱ ይቆረጣል፣ ሥሩ ይወጣል፣ ብርድ የማይደርስበት ቦታ ከርሞ ምድር ስትሞቅ ይመለሳል።

በበነጋው እሑድ ልጃቸው መጣች። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ለሁሉ ነገር መጠን የምታውቅ ልጅ ናት። እናቷ በአካፋ ስትታገል ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ አብደሻል? ቀን ስትሰፊ ውለሽ፣ ማታ አባዬን አንሥተሽ አስተኝተሽ፣ አሁን ደግሞ ይሄ ይጨመር? አበባው ይቅር። እሱን ብቻ እናስታም።»

እናትየው አካፋውን ይበልጥ ተጫነችው። ቀና ስትል ግን ባሏን በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ዐይኑ አካፋው ላይ ተተክሏል። ሆስፒታል ከገባ ወዲህ እንዲህ ነቅቶ አንድ ነገር ሲያይ አላየችውም ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ መድኃኒት ስትሰጪ ማስታመሚያው ብዙ ዓይነት ነው አላልሽኝም?» አለች። «ይሄም አንዱ ይሆናል። ይልቅ ያን ባልዲ አቀብዪኝ።»

የመንገዱ ጥግ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር በዚያው ሰዓት በአጥሩ ሥር ያልፉ ነበር። አርባ ዓመት ቋንቋ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ዳሊያ አላቸው፤ እሳቸውና ሹፌሩ የማይነጋገሩት በዳሊያ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መምህሩ አንድ ጊዜ በሰው ፊት «የሹፌሩ አበባዎች እንደ ተሳፋሪ ተሰልፈዋል፤ ግን አንዳቸውም ፊት ወንበር አይገባቸውም» ብለው ነበር። ሹፌሩ ያን ቀን ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን በጥጉ በኩል ማለፍ ትቶ ዙሪያውን ይሄድ ጀመር።

«እመቤት፣ ምነው እንዲህ ይለፋሉ?» አሉ መምህሩ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው። «እኔ ሥር ማውጣት ከተውኩ አራት ዓመቴ። ገለባ አልብሼ እተወዋለሁ። ተፈጥሮ የራሷን ታውቃለች።»

«ተፈጥሮማ ባሌንም ታውቀው ነበር» አለችና አካፋዋን መሬት ላይ ሰካች።

መምህሩ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ።

የመጀመሪያውን ሥር ያወጣችው ለሁለት ሰንጥቃ ነው። አካፋውን ከግንዱ ሥር ሰክታ በእግሯ ስትረግጠው አንድ ነገር ኩርሽም አለ። ስታወጣው ነጭ ሥጋው እየታየ፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ቀርቷል። ከመስኮቱ የተሰማው ድብደባ መስታወቱን ሊሰብረው ደረሰ።

«እህ! ምን ይሁን! ሰው አልገደልኩ!» ብላ ጮኸችበት።

ድብደባው ቆመ። ቀጥሎ የበሩ ማጠፊያ ሲጮህ ሰማች። ሹፌሩ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ከበሩ ወደ ግቢው ሦስት ደረጃ አለ፤ ከታመመ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ወርዶት አያውቅም። ልትሮጥ ስትል ልጅቷ ክንዷን ያዘቻት። ምርኩዙን አንደኛው ደረጃ ላይ አሳረፈ፤ ግራ እግሩን አወረደ፤ ቀኙን ጎተተው። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ተንገዳገደና ግድግዳውን ደገፍ አድርጎ ቆመ፤ ከዚያ ወረደ። አፈሩ ዘንድ ሲደርስ ላብ አጥምቆት ነበር። የምርኩዙን ጫፍ ከሁለተኛው ግንድ አንድ ክንድ ያህል ርቆ መሬት ላይ ተጫነና ዙሪያውን ነካ፣ ነካ፣ ነካ አደረገ።

«ከሩቅ ጀምሪ ነው የምትለኝ?»

«ቆይ» አለ፤ ይሄኛው ቆይ «እሰይ» የሚል ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለውን ሜትር አወጣች። አርባ ሳንቲሜትር። በየግንዱ ዙሪያ ለክታ በእንጨት ጫረች። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የእሷ ሙያ እንጂ የማንም አይደለም። ሁለተኛውን እግር ጨርቅ እንደምትተረትር በቀስታ ዙሪያውን አላላችና ሥሩን ሙሉውን ብድግ አደረገችው። ስድስት ወፋፍራም ጣት ያለው የትልቅ ሰው እጅ ይመስላል። አፈሩን አራግፋ፣ ደረጃው ላይ አረፍ ላለው ባሏ አቀበለችው። ጭኑ ላይ አድርጎ ሲዳብሰው ልጅቷ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ አንድ ችግር መጣ። አበባው ስለሌለ የትኛው ሥር የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይናገርም። በወረቀት እንዳይጽፉት እርጥበት ይበላዋል። ልብስ ሰፊዋ ስታስብ ቆየችና የስፌት ሳጥኗን አምጥታ ክሮቿን ሁሉ ፊቱ ዘረገፈቻቸው። ቢጫ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካንማ፣ ደም የመሰለ ቀይ፣ የሥጋ ቀለም፣ ጫፉ ነጭ ለሆነው ደግሞ ሁለት ክር አንድ ላይ።

«ይሄኛው የቱ ነው?» ብላ አንድ ሥር አነሣች።

ሹፌሩ ክሮቹን አየ፤ እሷን አየ። እጁ ብርቱካንማው ላይ አረፈች።

«ፌርማታ ነው እንዴ?»

ዐይኑ እንባ ሞላ፤ አዎን በሚል ራሱን ነቀነቀ። ፌርማታ ለአጥሩ ቅርብ የነበረው፣ አበባው የሳህን አፍ የሚያህል ብርቱካንማ ዳሊያ ነው። መንገደኛ ሁሉ እሱ ጋ ሲደርስ ስለሚቆም ሹፌሩ ፌርማታ ብሎ ስም አወጣለት። ቅጠሉ የበዛውን ሐምራዊውን «ትርፍ ሰው» ይለዋል። ነጩን «ሙሽሪት»። ሚስቱ ስሞቹን የቀልድ አድርጋ ስትሰማቸው ኖራ፣ አሁን አንድ በአንድ ከአፏ ሲወጡ ራሷንም ገረማት። ሁሉንም ታውቃቸዋለች ለካ።

በዚያ ሳምንት ለእያንዳንዱ ሥር ከተረፈ የመጋረጃ ቁራጭ ትንሽ ምልክት ቆርጣ፣ በየቀለሙ ክር ጠርዙን ዘምዝማ አሰረችለት። ሥሮቹን የግንዳቸው ውሃ እንዲንጠፈጠፍ ቁልቁል ዘቅዝቃ አደረቀቻቸው። ከአናጺው ቤት ሰጋቱራ በጆንያ አመጣች፤ በአትክልት ሳጥን ውስጥ እያነጠፈች፣ ሥር እያስተኛች፣ መልሳ እያለበሰች ዕቃ ቤት ደረደረቻቸው። የስፌት ክፍሏ ኃላፊ ይህን ስትሰማ «እኛስ ለበሽተኛ አንሶላ እንሰፋለን፤ አንቺ ለድንች ፍራሽ አነጠፍሽ» ብላ ክፍሉን አሳቀችባት። ልብስ ሰፊዋም አብራ ሳቀች። ልቧ ግን አልሳቀም፤ ማታ ማታ ሳጥኖቹን ሳታይ መተኛት ትታ ነበር።

የዚያ ዓመት ብርድ ሽማግሌዎች የሚቆጥሩለት ዓይነት ሆነ። የቧንቧ ውሃ እስከ ረፋድ አይወርድም። በየኩሬው ላይ በረዶው መስታወት የመሰለ ክዳን ይሠራል። አንድ ሌሊት የጎረቤት ቱቦ ፈንድቶ መንገዱ እንደ ሳሙና ሆነ። ልብስ ሰፊዋ በየሁለት ሳምንቱ ሰጋቱራውን እየገለጠች ሥር በሥር ትዳብሳለች። የተጨማደደ ካገኘች ውሃ እፍ ትልበታለች፤ የለሰለሰ ካገኘች ነጩ ሥጋ እስኪመጣ ድረስ በቢላ ገሽልጣ አመድ ትነሰንሰዋለች። አራቱ አልተረፉላትም። አራተኛውን ስትጥል ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። ለማን እንዳለቀሰች ግን ራሷም በቅጡ አላወቀችውም። ሃያ ሰባቱ ግን ጠንካራ ነበሩ፤ ስታንኳኳቸው እንደ በሰለ ቅል ድምፅ ይሰጣሉ።

ምድር መሞቅ ስትጀምር መምህሩ ገለባቸውን ገለጡ። ልብስ ሰፊዋ ከሥራ ስትመለስ በጥጉ በኩል አለፈች። መምህሩ ተንበርክከው በእጃቸው አንድ ቡናማ ነገር ይዘዋል፤ በጣቶቻቸው መካከል እንደ ገንፎ ይፈሳል። ሽታው መንገድ ድረስ ይደርሳል። አፏ ላይ የመጣ ነገር ነበር። ዋጠችው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። መምህሩ ናቸው፤ ከረባት አስረዋል። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ስለ ብርዱ አወሩ። ስለ ቧንቧው አወሩ። ሹፌሩ ከወንበሩ ሆኖ ትክ ብሎ ያያቸዋል። ሻይ ቀረበላቸው፤ ጠጡ። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን መሸሸጊያ አጡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የእኔ ሥር ግን አልቋል፣ እመቤት። አሥራ ዘጠኝ እግር ነበር። አንድም አልተረፈ። የመጣሁት… አፈር ስሆን፣ ከናንተ አንዲት፣ የፈለጋችሁትን፣ ብትለግሱኝ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ በዚህች ደቂቃ የተሰማትን ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ስትሰፋ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ዐይን ጥሎባት አያውቅም። ያን ሁሉ አንሶላ ሰው ይተኛበታል እንጂ ማን ሰፋው አይልም። አሁን ግን በመንደሩ ከነበረው ዳሊያ ሁሉ በሕይወት ያለው በእጇ ያለፈው ብቻ ነው።

«ይምጡ» አለችና ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደቻቸው።

ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። መምህሩ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ባለ ክር ምልክቶቹን በጣታቸው ነኩ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ይህን ያሰቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔና እሱ። እሱ በክር ነገረኝ።»

«እንግዲህ አንዱን…»

«ዛሬ አልሰጥዎትም» አለች። መምህሩ ደነገጡ። «ቢሰጥዎት ዕውር ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ አዩ፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገቱ ላይ? ዐይኑ የሚወጣው እዚህ ነው። ዐይን የሌለውን ቢተክሉት ዓመቱን ሙሉ አፈር ውስጥ ተጋድሞ ይወፍራል እንጂ አያበቅልም። ሁለት ሳምንት ሙቅ ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ዐይኑ ሲያብጥ ዐይን ዐይኑን ይዤ እከፍላለሁ። ያኔ ያልበሰበሰ፣ ዐይን ያለውን እሰጥዎታለሁ።»

መምህሩ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። «ይድገሙልኝ እስቲ» አሉ። አርባ ዓመት ሰው ሲያስጽፉ የኖሩት ሰው እሷ እየተናገረች እሳቸው ጻፉ። ልብስ ሰፊዋ ሆን ብላ ቀስ ብላ ተናገረች።

ወደ ሳሎን ሲመለሱ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«መምህር፣ በዕድሜዎ ስንት ልጅ ፊደል አስቆጠሩ?»

«እንጃ… ሁለት ሺህ ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲያው አንድ ይጨምሩልኝ» ብላ ወደ ባሏ አመለከተች። «ፌርማታን ሰጥቼዎታለሁ። እርስዎ ደግሞ በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ።»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ቆይ!» አለ፤ ይሄ ቆይ ለትርጉም አይመችም።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ ጠጋ ብላ። «ለሰው ኩራት እራት ነው ይላሉ። አንተ ግን ገና በማንኪያ እየጎረስክ ነህና ዛሬ ቀለል አድርገው።»

መምህሩ በማግስቱ መጡ። ከፊደል ጀመሩ፤ አልሆነም። በሥዕል ሞከሩ፤ አልሆነም። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ቆይ» ብቻ ሆነ። መምህሩ «ግድ የለም፣ ካለን እንነሣለን» ብለው ቆ፣ ቀ፣ ቁ እያሉ ያችኑ ቃል ሲበታትኑ ሲገጥሙ ሰነበቱ። ሹፌሩ ላቡ ጠብ እስኪል ይሞክራል፤ ሲያቅተው ምርኩዙን ይወረውራል። መምህሩ ጎንበስ ብለው አንሥተው ይሰጡታል። አንድም ቀን አልቀሩም።

ሥሮቹ የሚከፈሉበት ቀን ልብስ ሰፊዋ ሳጥኑን ሳሎን አመጣች። መምህሩ ባለ ብርቱካን ክሩን ሥር አንሥተው «እሺ፣ ይህስ ማን ይባላል?» አሉ፣ ለጨዋታ ያህል።

ሹፌሩ ከንፈሩን ገጠመ። «ፌ…»

ልብስ ሰፊዋ ቢላዋን እንደያዘች ቀረች።

«ፌ… ፌር…» ጉንጩ ተወጠረ፣ ዐይኑ ፈጠጠ፣ «ፌርማታ!»

መምህሩ ሐምራዊውን አነሡ። «ት… ትርፍ!» ነጩን አነሡ። «ሙ… ሙሽ… ሪት።» ከዚያ መምህሩ አንድ ነገር መጣላቸውና «የሰባት ቁጥር መነሻ የት ነው?» አሉ። ሹፌሩ ነገራቸው። ቀጥሎስ? ነገራቸው። መነሻውን፣ ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ድልድዩን፣ ሆስፒታሉን፣ አንዱን ሲይዝ ሌላው እየተከተለው፣ እንደ ተጠላለፈ ክር ጫፉ ሲገኝ መዥረጥ እያለ እስከ መጨረሻው ድረስ ወረደው። በመምህርነት ዘመናቸው ሲያለቅሱ ታይተው የማያውቁት ሰው መሐረባቸውን ፈለጉ። አፍረው፣ «በቃ ለዛሬ» ብለው ብድግ ሲሉ፣ ሹፌሩ ጥርት ባለ ድምፅ፣

«ወራጅ አለ!» አለ።

ሦስቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ሳቋ መካከል ላይ ወደ ጓዳ ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀስ እያለ ሆነ። ቃል ይመጣል፣ ይጠፋል፣ በሌላ ቃል ተተክቶ ይመጣል፤ ማንኪያን «መሪ»፣ ልጁን «ትኬት» ያለበት ቀን አለ። ሥሮቹ በየቆርቆሮው በቀሉ። ለሳምንት ያህል ቀን ቀን ውጭ እያዋለች፣ ጀምበር ሲያዘቀዝቅ እያስገባች ከብርዱ ጋር አለማመደቻቸውና ተከለቻቸው። ድጋፍ እንጨታቸውንም አብራ ቸነከረች፤ ኋላ ቢተከል ሥር ይወጋልና። አንድ ምሽት ያልታሰበ ቅዝቃዜ ቢመጣ፣ ከስፌት ክፍል ተቀዳዶ የተጣለ አንሶላ አስፈቅዳ አምጥታ አለበሰቻቸው። ግቢው በሁለት ረድፍ የተኙ በሽተኞች ያሉበት ክፍል መሰለ። በማግስቱ ስትገልጣቸው አንዱም ቅጠል አልነካውም።

አራት አራት ቅጠል ሲያወጡ ግን እጇ አልታዘዝ አላት። ጫፉ ካልተቆነጠጠ ወደ ላይ ብቻ ይመዘዛል እንጂ ቅርንጫፍ አያወጣም፤ ይህን ታውቃለች። መቀሱን ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ ዐይኗን ያላሸች ሴት ለአንዲት ቀምበጥ መቀሱን ከፍታ መልሳ ትዘጋዋለች። «ያን ብርድ አሳልፌ? አሁን ልቁረጠው?» አለች።

ሹፌሩ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«ቁረጪው» አለ።

ዞር አለች። ስም አይደለም፤ ለእሷ የተነገረ፣ ለእሷ ብቻ የተባለ ቃል ነው። ቆረጠችው። ከአንድ ግንድ አራት ቅርንጫፍ ወጣ፤ ከአራቱ ደግሞ እምቡጥ።

ፌርማታ መጀመሪያ ያበበው በመምህሩ ጥግ ላይ ነው። ያውም የእሷው ሳይፈነዳ ስምንት ቀን ቀድሞ! መምህሩ በዚያ ሳምንት የአጥራቸውን ሥር ሦስት ጊዜ ጠረጉ። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ቀን ከነከናት። «ፀሐይ ስለሚያገኝ ነው» ትላለች። በሦስተኛው ቀን ሄዳ አየችው፤ ቅጠሉን ገልጣ ከሥር ተመለከተች፤ «ጎን ጎኑን ያለውን እምቡጥ ያንሱለት፣ ይተልቃል» ብላ አዝዛቸው ተመለሰች። መምህሩም «እሺ እመቤት» አሉ።

የእሷው ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ መጣ። ነጩ፣ ሐምራዊው፣ ሎሚ መሳዩ፣ ጫፉ ነጭ የሆነው፤ ከበር እስከ አጥር። የስፌት ክፍሉ ሴቶች እሑድ ተሰብስበው ሊያዩ መጡ። ኃላፊዋ «ድንቾቹን» ልትል አፏን ከፈተችና የሙሽሪትን ፊት ስታይ መልሳ ገጠመችው። መምህሩም በቦታው ስለነበሩ ስለ አበባው አመጣጥ ማብራሪያ ጀመሩ።

«ለመሆኑ ከነዚህ የትኛው የሱ፣ የትኛው ያንቺ ነው?» አለቻት ኃላፊዋ።

«አበባው የሱ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ ብርዱን ነው ያሳለፍኩት።»

«አይ» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ሹፌሩ ምርኩዙን ይዞ ቆሟል። ሴቶቹ ዞሩ። መምህሩ ንግግራቸውን አቋረጡ፤ ልጃቸውም ከተቀመጠችበት ደረጃ ተነሣች። ቃላቱን ከሩቅ ቦታ እንደሚሸከማቸው አንድ በአንድ አመጣቸው።

«እኔ… ተክያለሁ። እሷ ግን… አዳነች።» ትንፋሽ ወሰደ። «እኔንም።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የምትናገረው ነገር አልመጣላትም። ይህም በጎረቤት ዘንድ ከዳሊያው በላይ ሲወራ ሰነበተ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ትልቁን የሙሽሪት አበባ ቆርጣ፣ አንገቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ለስፌት ክፍሏ ልትወስድ አውቶቡስ ላይ ወጣች። አውቶቡሱ ጢም ብሏል፤ ሰው ግን ለአበባው ቦታ ለቀቀለት። አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሴት ዐይኗን መንቀል አቃታት።

«እንዴት ያምራል! እህቴ፣ ከየት ነው የገዛሽው?»

«አልገዛሁትም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና ብላ። «የቤቴ ነው። ልንገርሽ፣ ይሄ አበባ ባለፈው ብርድ…»

ስለ ውርጩ ነገረቻት፤ ስለ ሰጋቱራው፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ዐይኑ ነገረቻት። የፊት ወንበር ላይ ያሉትም ዞረው ይሰሙ ጀመር። አንድ ሽማግሌ «አመዱ የምን እንጨት አመድ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መለሰችላቸው። ሆስፒታሉ አልፎ፣ ከሆስፒታሉም ወዲያ ሁለት ፌርማታ አልፎ ነበር ያስተዋለችው። በሃያ ሁለት የሥራ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አረፈደች፤ አበባውን ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ፣ ሳትቸኩል ተመለሰች።